ለምርጫ የሚመዘግበን ክሊኒክ በአማርኛ ይጠይቀን

በአሜሪካ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ታካሚዎቻቸውን ለምርጫ መመዝገባቸውን «ሐኪም ቤትን ከፖለቲካ ጋር ምን አገናኘው?» እያሉ የሚቃወሙ አሉ። እኔ ይገናኛል ባይ ነኝ። ለመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች ገንዘብ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1965፣ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ያስከበረው ሕግ በወጣበት በዚያው ዓመት ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ዶክተር ጃክ ጋይገር ሚሲሲፒ ውስጥ ለተራቡ ቤተሰቦች በመድኃኒት ማዘዣ ምግብ ያዝዙ ነበር። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬይድን፣ የሚጨምሩትም የሚቀንሱትም ተመራጮች ናቸው። የስኳር መድኃኒቱን በሜዲኬይድ የሚያገኝ ዜጋ ድምፁን እዚያው ክሊኒክ ቢያስመዘግብ ምን ነውር አለው?

እኔን የሚያሳስበኝ አመዘጋገቡ ነው። እናቶቻችን ክሊኒክ ሲገቡ የወረቀት ክምር ይሰጣቸዋል፤ የኢንሹራንስ፣ የሚስጥር አጠባበቅ፣ የአለርጂ። «የቱ ጋ ልፈርም ልጄ?» ይሉና ጣት ያረፈበት ቦታ ላይ ይፈርማሉ። የምርጫው ፎርም እዚያ መሀል ከገባ፣ ግሪን ካርድ ብቻ ያላቸው እናት «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» ብለው ፈረሙ ማለት ነው። ይህ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። ዜግነት ሲያመለክቱም ኤን 400 ፎርሙ «ለምርጫ ተመዝግበው ያውቃሉ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል።

ስለዚህ የምርጫው ፎርም ለብቻው ይቅረብ። ከሁሉ በፊት «ዜግነት ወስደዋል?» ተብሎ በአማርኛ ይጠየቅ፤ ያልወሰደ ሰው እጅ ፎርሙ አይግባ። ዜጋ ለሆነው ደግሞ መመዝገብ በፈቃዱ እንደሆነ፣ እምቢ ቢልም ሕክምናው እንደማይነካ ይነገረው። የፓርቲ ስም እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይነሣ።

በአማርኛ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የምርጫ ወረቀት በሌላ ቋንቋ እንዲዘጋጅ የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ እስፓኒሽን፣ የእስያንና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ቋንቋዎች እንጂ አማርኛን አያካትትም። ክሊኒኩ ግን ለሕክምናው ሲል አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ሲያትል፣ ለደም ግፊት ክትትል የመጣ አባት አጠገብ አማርኛ የሚናገር ሰው በአካል ወይም በስልክ አለ። ቃለ መሐላ ፈጽመው ዜግነት ከወሰዱ ዓመታት ያለፋቸው፣ እስከ ዛሬ ግን ድምፅ ሰጥተው የማያውቁ ስንት ወላጆች አሉን! ማንበብ የማይችል መራጭ ከአሠሪውና ከሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ በቀር የፈለገውን ረዳት ይዞ መምረጥ እንደሚችልም የሚነግራቸው ያስፈልጋል።

በሕግ ከነዚህ ጣቢያዎች የቦርድ አባላት ከግማሽ በላዩ ታካሚዎች መሆን አለባቸው። እዚያ የምትታከሙ ወገኖች፣ የቦርዱ አባላት እነማን እንደሆኑ ጠይቁና ይህንኑ በቀጣዩ ስብሰባቸው እንዲያነሡት አድርጉ።