«ተስማምታችሁ ኑ» ይለናል

እዚሁ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ለመሳለም የዓመት ፈቃድ የጠየቅሁት ገና በሐምሌ ነው። ባልደረባዬ ደግሞ በዚያው ሳምንት እናቷን ለሕክምና አዲስ አበባ ትወስዳለች። አለቃችን ሁለቱንም ቅጽ መሳቢያ ውስጥ ከትቶ «ተስማምታችሁ ኑ» አለን። በምን እንስማማ? እሷ የእናቷን ቀጠሮ ትተው ወይስ እኔ ስለቴን? ጎን ለጎን እየሠራን ሰላምታችን እንኳ ቀዝቅዟል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የፈቃድ ፕሮግራም ማውጣት ያለበት አሠሪው ነው፤ የሥራውን ሁኔታም የሠራተኛውንም ፍላጎት አይቶ። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ጭማሪ፣ ይሄ በሕግ የተሰጠን ነው። ታዲያ ፕሮግራሙን አስቀድሞ አውጥቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ምን ይከብዳል? እኛን ለምን ያቃቅረናል?