መንገዱን የሚበላው ውሃ ነው፣ እንግዳ አይደለም

ባለፈው ወር የመንደራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ሁላችንም ኤችኦኤ የምንለው፣ አንድ ውሳኔ አሳለፈ። ከእንግዲህ ከተራራው መንደር ውጪ የሚመጣ ሰው በእግር መንገዶቻችን ላይ በነጻ አይሄድም። መሄድ ከፈለገ የእንግዳ ካርድ ይገዛል። መግቢያው ላይም የብረት በር ይቆማል። የተሰጠን ምክንያት ሁለት ነው። «ሰው ወድቆ ቢጎዳ ይከሰናል» አሉን። «የውጭ ሰው መንገዱን እየጨረሰው ነው» አሉን።

የመጀመሪያው፣ ሕግ ገልጦ ለማየት ያልፈለገ ሰው ምክንያት ነው። የምንኖረው በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ ነው። መሬቱን ለመዝናኛ በነጻ የከፈተ ባለቤትን ከካሳ ክስ የሚከላከል ሕግ ከወጣ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። እንዲህ ያለ ሕግ በ50ዎቹም ግዛቶች አለ። ቀዳዳ አለው የሚል ካለ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ያንን ቀዳዳ ለማጥበብ ተሻሽሏል። ባለቤቱ ዋናው መግቢያ ላይ አደጋውን የሚገልጽ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ከተከለ ከለላው ይጠነክራል። አንድ ሰሌዳ! ከብረት በር ይወደዳል?

የባሰው ሌላ ነው። ሕጉ የሚከላከለው ገንዘብ ያልተቀበለን ባለቤት ነው። ካርድ ሸጠን ያስገባነው ሰው ቢወድቅ በዚያ ከለላ ስር መጠለል አንችልም። እንግዲህ ክስ ፈርተው ክስ የሚጠራ ውሳኔ ወሰኑ ማለት ነው። በስብሰባው ላይ ይህንን ስንጠይቅ «ጠበቃ አማክረናል» ተባልን። ጠበቃው ምን እንዳለ የነገረን የለም።

ወደ መንገዱ ልምጣ። ተጎድቷል፣ እውነት ነው። ዳገቱ ላይ የዛፍ ሥር ወጥቷል፣ ድንጋይ ተገልጧል፣ አንዳንዱ ቦታ ጉልበት የሚደርስ ቦይ ሆኗል። ግን ማን ቆፈረው? በረዶ ሲቀልጥ ወይም የጁላይ የከሰዓት ዝናብ ሲወርድ ወጥቶ ማየት ነው። ውሃው መንገዱን ይዞ ነው የሚወርደው፤ ምክንያቱም መንገዱ ዳገቱን ቀጥ ብሎ ይወጣል። የተራራ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ቀላል መለኪያ አላቸው። የመንገዱ ቁልቁለት ከተራራው ጎን ቁልቁለት ግማሽ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ውሃው መንገዱን ማቋረጡን ትቶ መንገዱ ላይ ይፈስሳል። አማካዩ ቁልቁለትም ከ10 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ወለሉ ወደ ገደሉ በኩል 5 በመቶ ያህል ዘንበል ይላል። በየተወሰነ ርቀት ደግሞ የሚወጣው መንገድ ጥቂት ወርዶ እንደገና ይወጣል፤ ውሃው እዚያች ዝቅታ ላይ መንገዱን ለቅቆ ይወርዳል። የእኛው መንገድ ከነዚህ አንዱም የለውም። ቤቶቹ ሲሠሩ ለቧንቧ ተብሎ በቡልዶዘር የተጠረገ መስመር ነው። እንኳን እንግዳ፣ ዝንጀሮም ባይረግጠው ይቦረቦራል። ባለፈው ዓመት በጭቃው ምክንያት ለሁላችንም ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ እንኳ ቦዩ ጠልቆ ነው ያገኘነው። በሩ ሲቆም ውሃው ካርድ ሊያሳይ ነው?

ጭቃ ሸሽቶ በጎን የሚረግጥ ሰው መንገድ እንደሚያሰፋ አውቃለሁ። ይህን ግን እኛ ነዋሪዎቹ በየቀኑ እናደርገዋለን፣ ያውም ያልታሰረ ውሻ አስከትለን። የቤት ባለቤት ጫማ ከእንግዳ ጫማ አይቀልም። ኤልኮቹ፣ ትልልቆቹ አጋዘኖች፣ በሚወልዱበት ሰሞን ላይኛው መንገድ ይዘጋ ቢሉኝ ቀድሜ እጄን አወጣለሁ። ያ ግን ለእኛም የሚዘጋ ነው።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ሌላ ነገር ነው። የእኛ ሰው ተራራ ላይ ሲጠፋ ሌሊት የሚወጡት እነማን ናቸው? ኮሎራዶ ውስጥ ፍለጋና ነፍስ አድን የሚሠሩት በአብዛኛው ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስላዳኑም አያስከፍሉም። ለእኛ የሚደርሱልን የሚኖሩት ከታች ከተማው ውስጥ ነው። ለማኅበሩ ቦርድ እነሱም «የውጭ ሰው» ናቸው። በውርጭ ሊያድኑን ሲመጡ በነጻ፣ እሁድ ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ በክፍያ! ነውር ነው። ይህን የወሰነ ሰው ነገ ልጁ ተራራው ላይ ቢጠፋበት በምን ዓይኑ ያያቸዋል?

ለበሩ የተመደበው ገንዘብ ያንን ዳገት በዚግዛግ መልሶ ለማውጣት ይዋል። ገንዘቡ ለሙሉው ባይበቃ በጣም የተጎዳው ክፍል ይቅደም። በግዛቱ ሕግ 20 በመቶ የቤት ባለቤቶች ከፈረሙ ልዩ ስብሰባ ይጠራል። ፊርማው ተጀምሯል፤ የበሩ ውል ሳይፈረም መድረስ አለበት።