ሲኒማ ቤቱ ይኑር፣ ፊልሙ ይቅርበት

እስቲ ዛሬ ደግሞ እናመስግን። ሁሌ ሐሜት፣ ሁሌ ወቀሳ ምን ያደርጋል? "ቅርስ አይጠብቅም፣ ጥበብ አያውቅም" እየተባለ የሚታማው የከተማችን ሰው አንድ የሚያስቀና ችሎታ አለው። አሮጌ ሲኒማ ቤት ስጡት። ይሰበሰብበታል፣ ባዛር ይከፍትበታል፣ ተማሪ ያስመርቅበታል፣ ይሰብክበታል። ደጁ ላይ ጫማ ያስጠርግበታል። ግድግዳው ላይ "መሽናት ክልክል ነው" ብሎ ይጽፋል፣ ከጽሑፉ ሥር ይሸናል። ፊልም ብቻ አያይበትም። ለዚህ ሁሉ ፈጠራ ደግሞ አንድም አማካሪ አልቀጠረም።

ፈረንጆቹም አይሞክሩም አይባልም። ዲትሮይት ውስጥ ሚሺጋን ቴአትር የሚባል ቤት አለ። እንደነሱ አቆጣጠር በ1926 ሲከፈት አራት ሺህ ገደማ ሰው የሚያስቀምጥ፣ ጌጡ ዓይን የሚያፈዝ ሲኒማ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሠርቶ ተዘጋ። ሊያፈርሱት አሰቡ፣ ግን ከጎኑ ካለው የቢሮ ሕንፃ ጋር ተያይዞ የተሠራ ስለሆነ እሱን ሲነኩ ያኛው ይናጋል። ስለዚህ የመኪና ማቆሚያ አደረጉት። ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ ቀና ሲል ያ ጌጠኛ ጣሪያ ግማሹ ረግፎ፣ ግማሹ ተንጠልጥሎ ይታየዋል። ይባስ ብሎ ቦታው ሄንሪ ፎርድ የመጀመሪያዋን መኪናውን የሠራበት ነው። መኪና ዓለምን ዞራ ዞራ የተወለደችበት ቦታ ላይ መጥታ ተኛች ማለት ነው። ይሄኛውን እኔም አደንቃለሁ።

ቦነስ አይረስ ያሉት ግን ያሳዝኑኛል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1919 የተከፈተ፣ ኋላም ሲኒማ ሆኖ ያገለገለ ግሩም ቴአትር ቤት ነበራቸው። በዚያው አቆጣጠር በ2000 የመጻሕፍት መደብር አደረጉት። ሰው ሎጁ ላይ ቁጭ ብሎ ያነብባል፣ መድረኩ ላይ ቡና ይጠጣል። እንዲህ ያለ ብክነት! ያን የሚያህል አዳራሽ ይዞ ማንበብ? ለማንበብስ ማን አበል ይከፍላል?

እኛ ዘንድ ልምዱ የቆየ ነው። ብሔራዊ ቴአትርን እዩት። ጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ነው። እነሱ ሄዱ፣ ጅምሩ ቀረ። ኋላ ለጃንሆይ የንግሥና 25ኛ ዓመት በዓል ቴአትር ቤት ሆኖ ተጠናቀቀና በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። ስንት ተዋናይ፣ ስንት ድምፃዊ ወጣበት። በዚህኛው ላይ ሽሙጥ የለኝም። አሮጌን ቤት ለአዲስ ሥራ ማዋል ሲያምርበት እንዲህ ነው። ችግሩ፣ ይቅርታ፣ ውበቱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ደግሞ ሰይጣን ቤትን አትርሱ። ሥዕል ግድግዳ ላይ ሲራመድ ቢያይ የያኔው አዲስ አበቤ ሲኒማ ያለበትን ቤት በዚህ ስም ጠራው። አያቶቻችን ሰይጣን አለበት ብለው ሸሹ። የልጅ ልጆቻቸው እሑድ ጠዋት የሲኒማ አዳራሽ ተከራይተው፣ ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ገትረው ሰይጣኑን ያስወጣሉ። መቶ ዓመት ገደማ መዘግየቱ ቅር ይላል እንጂ ሥራው አልቀረም።

የፈጠራችን ቁንጮ ግን ስብሰባ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናጨብጭብ።

ድሮ ሲኒማ ቤት ችግሩ ምን ነበር? ሰው እንዲገባ መለመን ነበረበት። ፖስተር ይለጠፋል፣ ቲኬት ይቆረጣል፣ ፊልሙ ካልጣመ ሕዝቡ ያፏጫል። ሲብስም "ገንዘባችን ይመለስ" ይላል። ዛሬ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ድሮ ተመልካቹ ከፍሎ ይገባ ነበር፣ አሁን ተከፍሎት ይገባል። ፊልሙ ካልጣመውም አያፏጭም። ይተኛል። ለእንቅልፍ ደግሞ ከሲኒማ ወንበር የተሻለ መንግሥታዊ ንብረት እስካሁን አልተገኘም።

ስክሪኑ ላይ ባነር ተሰቅሏል። "እንኳን ደህና መጣችሁ" ይላል፣ ከሥሩ አምስት ሎጎ ተደርድሯል። ከባነሩ ጎን ፓወርፖይንት ይበራል። ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። አቅራቢው "ከኋላ ላላችሁት ላይታይ ይችላል" ይሉና አንድ ሳያስቀሩ ያነብቡታል። ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው፦ መግቢያ፣ ዓላማ፣ የተገኙ ውጤቶች፣ ያጋጠሙ ችግሮች፣ የወደፊት አቅጣጫ። መጨረሻውን አውቀዋለሁ ብላችሁ ጥላችሁ እንዳትወጡ፣ የስም መቆጣጠሪያው የሚዞረው ከሻይ በኋላ ነው። በዚህ ፊልም አክተሩ "የበጀት እጥረት" ነው። በየዓመቱ ይደበደባል፣ ይከበባል፣ ከገደል ይወረወራል። በሚቀጥለው ሪፖርት አቧራውን አራግፎ ብቅ ይላል። አክተር አይሞትም።

እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ወለሉን ነው። የሲኒማ ቤት ወለል እንደምታውቁት ወደ ፊት ያዘቀዝቃል፤ የኋላው ከፊተኛው ራስ በላይ እንዲያይ ተብሎ የተሠራ ነው። አሁን የሚታይ ነገር ስለሌለ ሌላ ጥቅም አግኝቷል። ከኋላው ረድፍ የአንድ ተሰብሳቢ የውሃ ላስቲክ ከእጁ ያመልጣል። መንከባለል ይጀምራል። በወንበሮቹ እግር መሐል ኳ፣ ኳ እያለ ይወርዳል። አንዱ እግሩን ያነሣለታል፣ አንዷ ቦርሳዋን ትሰበስብለታለች። የተኙት ይነቃሉ። አንገት ሁሉ እሱን ይከተላል። አቅራቢው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ማንም አይሰማቸውም። በመጨረሻ ክቡር እንግዳው ጫማ ላይ ደርሶ ይቆማል። በዚያ አዳራሽ የዚያን ቀን የታየው ብቸኛ ተንቀሳቃሽ ምስል እሱ ነው። እውነት ለመናገር ከብዙ ፊልም ይሻላል።

የሰፈሩንም ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች የፒያሳና የመርካቶ ነበሩ። ለእኛ ቢጤው ቪዲዮ ቤት ነበር። መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ ጭቃ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር፣ ከላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን። ጠዋት ካራቴ፣ ከሰዓት ሕንድ። እናት በር ላይ ቆማ በስም ትጣራለች፣ ልጅ ከአግዳሚው ሥር ይገባል። ያ ቤት ዕረፍት አያውቅም። የእንግሊዝ ኳስ ሲመጣ ዲኤስቲቪ ቤት ሆነ። ቀጥሎ ፑል ገባ። ቀጥሎ ውርርድ። አሁን ሄዳችሁ ብታዩት በአንዱ በኩል ሞባይል ይጠገናል፣ በሌላው ሹሩባ ይሠራል፣ ደጁ ላይ ጀበና ተጥዷል። አንድ ክፍል ቤት ይህን ሁሉ ሙያ ሲለዋውጥ የትኛው ምሩቅ ይወዳደረዋል? ኪራዩ ብቻ ነው ወደ ኋላ ተመልሶ የማያውቀው።

ከአዳራሹም በላይ ጠቃሚ ሆኖ የተገኘው ስሙ ነው። መርካቶ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ "ሲኒማ ራስ ወራጅ አለ!" የሚለው ሰውዬ ፊልም ሊያይ እንዳይመስላችሁ። ጣቃ ሊገዛ ነው። ረዳቱም ፊልም አልጠየቀውም፣ መልሱን ብቻ ደብቆበታል። ስም ጣሪያ አያፈስም፣ ጥገና አይፈልግም። ሲኒማን በዚህ ርካሽ ዋጋ ያቆየ ከተማ ካለ ንገሩኝ።

አሁን ደግሞ ልዩ ምስጋናዬን ለአልቃሾች ላቅርብ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ፌስቡካችንን አስታውሱት። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ጎረፈ። "ትዝታችን!" "ልጅነታችን!" የተሰበረ ልብ፣ የሚያነባ ፊት፣ የታጠፈ እጅ። አንዳንዱ ያለቀሰለት ሕንፃ ገና አልተነካም ነበር፤ ሰውየው ግን ከወዲሁ ነጠላውን አዘቅዝቋል። ይህን የመሰለ ተቆርቋሪ ሕዝብ የት ይገኛል? እንዲያው ለወሬ ያህል "ለመጨረሻ ጊዜ ሲኒማ ቤት የገባኸው መቼ ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። ያስባል። ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ከዚያ "ያኔ ከእሷ ጋር..." ብሎ ይጀምርና ወሬው ሚስቱ ወደማታውቃት ሴት ይዞራል።

ደግሞ ፊልም አልነበረም እንዳይለን። በቪዲዮ የተቀረጹት የአማርኛ ፊልሞች በ1990ዎቹ ሲመጡ የሲኒማ ቤት ሰልፍ ታክሲ ተራን ያስንቅ ነበር። ያን ሰልፍ የበተነ ፖሊስ የለም። በ2008 ቃና ቴሌቪዥን ሲከፈት በአማርኛ የሚያወሩ ቱርኮች ሳሎናችን ገቡ። በ2012 ኮሮና መጥቶ አዳራሹን ሁሉ ዘጋ። ዩቲዩብ የቀረውን ሰበሰበ። ሲኒማ ቤቱ ሲከፈት ተመልካቹ ከሶፋው አልተነሣም። ሶፋው ላይ ሆኖ ግን ቅርስ ይወዳል። በአንድ አውራ ጣት ሼር፣ በሌላው ደግሞ የነገውን ክፍል ዳውንሎድ።

በእርግጥ ሁሉንም በሱ ላይ መጫን አይገባም። ማታ ሦስት ሰዓት ከሲኒማ ወጥቶ ታክሲ የጠበቀ ሰው ከፊልሙ የሚበልጥ ሰቀቀን አይቷል። ወንበሩ ስፖንጁ አልቆ ሽቦው የሚወጋ ከሆነ፣ ድምፁ ከጎረቤት የሚመጣ ከመሰለ፣ ሽንት ቤቱ... ይቅር፣ እሱን አንናገርም። ቤቱን የያዘው ክፍል ግን ለዚህም መልስ አለው። ተመልካች ስለሌለ አይጠገንም፤ ስለማይጠገን ተመልካች የለም። እንቁላሏና ዶሮዋ በዚህ አዳራሽ ተገናኝተው ሳይስማሙ የተለያዩ ይመስለኛል። አበላቸውን ግን ወስደዋል።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው ያላችሁ እንደሆነ፣ የባለድርሻ አካላት ውይይት ነዋ። የት? እዚያው ሲኒማ ቤት ውስጥ። እንዴት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ። አንዱ ተነሥቶ ካፌ ይሁን ይላል። አንዱ ፎቁን ለሱቅ፣ ምድሩን ለመኪና ማቆሚያ ይላል። አንዲት ጎልማሳ የሕፃናት ማቆያ ስትል ይጨበጨብላታል፣ ማንም ግን አይጽፍላትም። በመጨረሻ "ሁለገብ አዳራሽ" የሚል ድምፅ ከአንድ ጥግ ይሰማል። ሁሉም እፎይ ይላል። ሁለገብ ማለት ለሁሉም ይሆናል፣ ማንንም አያስጠይቅም።

ይሄኔ ከኋላ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ያነሣሉ። ሠላሳ ዓመት ማሽን ክፍል የሠሩ ናቸው። ከበሩ በላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ፣ ብርሃኑ የሚወጣባትን ማለት ነው፣ የሚያውቋት እሳቸው ብቻ ናቸው። አሁን ጨርቅ ተወትፎባታል።

"ልጆቼ፣" ይላሉ፣ "እንዲያው ድፍረት አይሁንብኝና፣ ፊልም ብናሳይበትስ?"

አዳራሹ ጭጭ ይላል። አወያዩ መነጽራቸውን ያስተካክላሉ። ፊታቸው ላይ ለሽማግሌ የሚሰጥ ፈገግታ ይመጣል።

"አባታችን፣ እናመሰግናለን። በጣም ግሩም ሐሳብ ነው፣ እንደ ግብዓት ወስደነዋል። ብቻ አንድ ነገር አለ፣ አዳራሹ እስከ ሰኔ ድረስ ተይዟል።"

"ለምን ጉዳይ ነው የተያዘው ልጄ?"

"ለዚሁ ለሲኒማ ቤቱ ጉዳይ ነው አባቴ። ውይይቱ ገና አሥር ዙር ይቀረዋል።"