ቮልቴር ዲሞክራት ነበር እንዴ?
ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የአብርሆት ዘመን (በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ምክንያታዊነትና ዕውቀት የተሰበከበት ዘመን) ፈላስፎች ሁሉም የሕዝብ አገዛዝ ይፈልጉ ነበር ይላል፤ እዚህ ላይ አልስማማም። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴር እኮ ከ1750 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ሦስት ዓመት ገደማ የፕሩሲያው (የያኔ የጀርመኖች መንግሥት) ንጉሥ ፍሬድሪክ ዘንድ ነው የከረመው፤ ተስፋው የተማረ ንጉሥ ላይ እንጂ ሕዝብ ላይ አልነበረም። የሌላውን ፈረንሳዊ ፈላስፋ የዲድሮን መጻሕፍት ደግሞ የገዛችው የሩሲያዋ ንግሥት ካትሪን ናት፤ ያውም እስኪሞት እሱው ጋ ትታለት፣ ደመወዝ እየቆረጠችለት (እንዲህ ያለ ገዢ ማን ይጠላል!)። ዲድሮ በ1773 መቀመጫዋ ፒተርስበርግ ድረስ ሄዶ ስለ ለውጥ ሲመክራት ግን ሰማችው እንጂ አልፈጸመችውም። «ፈላስፋው ሩሶስ ዲሞክራት አልነበረም ወይ?» ለሚል ደግሞ፣ እሱ ሥልጣን የሕዝብ ነው ማለቱ እውነት ነው። ግን በተወካይ ሕግ ማውጣትን አይቀበልም፤ እንግሊዞች ነፃ የሚሆኑት የፓርላማ ምርጫ ሲያደርጉ ብቻ ነው ብሎ ተሳልቆባቸዋል። ጽሑፉ ለዛሬው ፓርላማና ፍርድ ቤት ሐሳብ፣ የሕግ አውጪው፣ የአስፈጻሚውና የዳኛው ሥልጣን ይለያይ ያለውን ፈረንሳዊ ሞንቴስኪዩን ቢጠቅስ ይሻል ነበር።