ግልጽ ደብዳቤ፦ ለክቡር «አንድ ወረቀት ይጎድላል»

ለክቡር «አንድ ወረቀት ይጎድላል»
ባሉበት መስኮት ሁሉ

ጉዳዩ፦ ድንኳን ውስጥ ስለማደር

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎን አልጠይቅም፤ እርስዎ ዘንድ ምንም ጎድሎ አያውቅም። የሚጎድለው ሁልጊዜ የእኛ ነው። ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ ደሴን በሸፈነ ጠዋት እንኳ መስኮትዎ አይጠፋንም። ወረፋው ይመራናል።

ይህን የምጽፈው ማክሰኞ ዕለት ፊትዎ ቆሜ ስለደረሰብኝ ነገር ነው። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። በሩ ሰማያዊ ነው። በሩ ላይ «ያለ ጉዳይ መግባት ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። በዚህ ምልክት ማንም ሊለየው አይችልም።

እኔ የምተዳደረው እንግዳ በመምራት ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ላሊበላ፣ ጊዜውና አገሩ ሲፈቅድ ደግሞ ቦረና ሳይንትና መንዝ ጓሳ። ድንኳን ለእኔ ብርቅ አይደለም። ጭላዳ ሲንጫጫ ነቅቻለሁ። ጅብ ድንኳኔን ዞሮ ሲያሸት ትንፋሼን ይዤ አድሬያለሁ። የጓሳን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንድ ጊዜ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ይዣት የወጣሁ እንግዳ ነበረች። ዝናብ መታን፣ እሳቱ እምቢ አለን፣ በሶ በጥብጠን አደርን። ከዚያ ወዲህ ወዳጅ ሆንን። አሁን እሷም እንደ እኔ አስጎብኚ ናት፤ የምትሠራው ካናዳ ሰሜን ጫፍ፣ ዩኮን በሚባለው ግዛት ነው። በአንድ መኪና የሚገቡ ጥቂት ሰዎች ትይዝና ከዋይትሆርስ ትነሳለች። የወርቅ ፈላጊዎቹ ከተማ ዳውሰን ሲቲ ትደርሳለች። ከዚያ ዴምፕስተር በሚባለው መንገድ ወደ ሰሜን መውጣት ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ጠጠር። ኪሎ ሜትር 405 ላይ የአርክቲክ ክበብ ይታለፋል። ፒልና ማኬንዚ የሚባሉት ወንዞች ድልድይ የላቸውም፤ በበጋ መኪናውን ጀልባ ያሻግረዋል፣ በክረምት ደግሞ በረዶው ራሱ ድልድይ ይሆናል። መጨረሻው ኢኑቪክ ነው። በፈረንጅ 2017 ደግሞ ከኢኑቪክ እስከ ቱክቶያክቱክ መንገድ ስለተከፈተ አሁን የአርክቲክ ውቅያኖስ ዳር ድረስ በመኪና ይገባል።

«ሁልጊዜ አስጎብኚ ሆነህ አትቀርም፤ አንዴ እንግዳ ሁን» አለችኝ። አንድ ቦታ ያዘችልኝ።

እነሱ የላኩልኝ ፎርም አጭር ነው። የማይስማማህ ምግብ አለ? አደጋ ቢደርስ ለማን እንደውል? ቦታው ዱር ነው፣ ድብ አለበት፣ ይህን አውቀህ ትመጣለህ? ከዚያ ፊርማ። አለቀ። ድብ ሊበላኝ እንደሚችል ለመስማማት አንድ ፊርማ በቃ።

ከእኛ ወገን የሚያስፈልገኝ አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር። «ይህ ሰው ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ነው፣ እናውቀዋለን» የሚል። ሁለት መስመር። ቪዛው ገና ነው፤ ለእሱ ሌላ ደብዳቤ እጽፍለታለሁ።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ክፉ አይደለችም። ይህን ልብ ይበሉልኝ። ወረቀቶቼን አንድ በአንድ አገላበጠች። የግብዣው ደብዳቤ፣ ትርጉሙ፣ ፈቃዴ፣ የታደሰ መታወቂያ፣ ኮፒ፣ የኮፒው ኮፒ። ሁሉም አለ። ፊቷ ላይ ትንሽ ቅሬታ አየሁ። ከዚያ እዚያው የሞላሁትን ፎርም አነሳች። ፈገግ አለች። አገኘችዎት።

«የሚያርፉበት አድራሻ ባዶ ነው» አለች።

«ድንኳን ነው እህቴ።»

«ምን?»

«ድንኳን። እየተጓዝን ነው የምናድረው።»

«ሆቴል ጠፍቶ ነው?»

«ዱር እኮ ነው።»

እዚህ ላይ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ክፋት አይደለም፣ የመስታወቱ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ነው። «እና ይህን ሁሉ አገር አቋርጠህ የምትሄደው ድንኳን ውስጥ ልትተኛ ነው?»

ወረፋው በሙሉ ዞረ። እስከዚያ ድረስ እርስ በርሱ የተኮራረፈ ወረፋ ነበር፤ «እኔ ነኝ ቀድሜ የመጣሁት» እየተባለ። እኔ አስታረቅኩት። ከኋላዬ ያለው ጎልማሳ «ይከፈልበታል?» አለ። «ይከፈልበታል» አልኩ። «ለድንኳኑ?» አለና የሂሳብ ፊት አደረገ። አንዱ ደግሞ ከበሩ በኩል «እዚያ አገር ድብ አለ ይባላል» አለ። «አለ» አልኩት። «ታውቆ ነው?» «አዎ፣ ፈርሜያለሁ።»

ሳቁ የፈነዳው ያኔ ነው። ጥበቃው ሳይቀር ገብቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ተነገረው። እሱም ሳቀ። ከዚያ ለመጣ ሰው ሁሉ «ያ ነው፣ ያ ጃኬት የለበሰው» እየተባልኩ ተጠቆምኩ።

ላብ አጠመቀኝ። ቢሆንም አስጎብኚ ነኝ፣ ማስረዳት ሥራዬ ነው። «የመጀመሪያው ሌሊት ቶምብስቶን የሚባል ቦታ ነው። ዴምፕስተር መንገድ፣ ኪሎ ሜትር 71። እሱን ልጻፈው?» አልኳት።

«ቀበሌው?»

«ቀበሌ የለውም።»

«የቤት ቁጥርስ?»

ዝም አልኩ። ምን ይባላል?

«እንግዲያው አንድ ወረቀት ይጎድላል» አለች። «የማረፊያ ማረጋገጫ። የቤት ቁጥርና ማህተም ያለበት።»

ማህተሙን ማን ይምታልኝ ክቡር ሆይ? ድቡ?

ስለዚያ ቦታ የማውቀውን ልንገርዎት፣ ቢያምዎትም። በዩኮን ብዙ የመንግሥት ድንኳን ቦታዎች ላይ ሲደርሱ ከመግቢያው ፖስታ ያነሳሉ። ስምዎንና የመኪናዎን ታርጋ ይጽፋሉ። የሌሊቱን ክፍያ ከተው ሳጥን ውስጥ ይጥሉታል። ማገዶ በነፃ ነው። መስኮት የለም። «ማን ላከህ?» የሚል የለም። ፖስታው «ኮፒ አያይዝ» አይልም። ሰውየው ያለውን ያምኑታል። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ ደምዎ ከፍ እንደሚል አውቃለሁ፤ ይረጋጉ።

ማታ ደግሞ ምግብ ድንኳን ውስጥ አይገባም። ድስቱ፣ ፍርፋሪው፣ የጥርስ ሳሙናው እንኳ ሳይቀር ድብ የማይከፍተው የብረት ሳጥን ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ ያድራል። ድቡ የሚመጣው ሽታ ተከትሎ ነው። ኦሪጅናሉን ነው የሚፈልገው፣ ኮፒ አይቀበልም። በዚህ ትንሽ ትመሳሰላላችሁ።

በሰኔ ከክበቡ በላይ ፀሐይ አትጠልቅም። ኢኑቪክ ላይ ከ50 ቀን በላይ ሰማዩ ላይ ስትዞር ትከርማለች። የእርስዎ መስኮት ግን 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ዓይኑን ይጨፍናል።

ሌላም አለ። እዚያ መሬቱ ከሥሩ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው። መንገዱን ሲሠሩ ወፍራም ጠጠር ከምረው ከፍ ያደረጉት በረዶው ቀልጦ መንገዱ እንዳይሰምጥ ነው። በበጋ ከላይ አበባ ይወጣል፣ ሣር ይለመልማል፤ ከሥር ግን ንቅንቅ የለም። መዝገብ ቤት ገብቶ «ግባ፣ ተቀመጥ፣ አብሽር፣ ያልቅልሃል» የተባለ ሰው ይህን ለመረዳት ጂኦሎጂ መማር አያስፈልገውም።

የቆየውን ቂም አላነሳም። የጉርድ ፎቶዬ ጀርባ ነጭ ይሁን ተብዬ አሠርቼ ስመጣ «ሰማያዊ ነው ያልነው» የተባልኩትን ትቼዋለሁ። ዲጂታል መታወቂያዬን ስልኬ ላይ ሳሳይ «ታትሞ ይምጣ»፤ ታትሞ ሲመጣ «በቀለም ይሁን»፤ በቀለም ላሳትም ስሄድ መብራት የለም። ይህንንም ትቼዋለሁ።

ማክሰኞን ግን አልተውም። ሳቁ በረድ ሲል ከኋላ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ። «ድንኳን ምንም አይልም። እኛ በነፃ አድረንበታል።»

ሰው ሁሉ እንደገና ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ቆይቶ ነው ሳቁ የቆመው፣ ነገሩ ለሁሉም ሲገባው።

በ2013 ክረምት ከቆቦ በኩል ከመጡት ናቸው። ያን ጊዜ ደሴ የነበረ ሰው ያስታውሳል፤ ትምህርት ቤቱ ሁሉ በሰው ሞልቶ ነበር። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ፣ ኋላ ድንኳን ውስጥ አደሩ። ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ደግሞ እንደገና ተነሱ። ሲበርድ ተመልሰው እዚሁ ቤት ተከራዩ። ማክሰኞ የመጡት መታወቂያ ለማውጣት ነው። የሚጎድላቸው መሸኛ ነው፣ ከድሮ ቀበሌያቸው።

አሁን አንተ ልበልህ። ስማ። እኚህ ሴትዮ የወጡት በሌሊት ነው፣ የልጅ ልጃቸውን አዝለው። ጥይት እየተተኮሰ የትኛው ሊቀ መንበር ነው ጠረጴዛ ይዞ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ መሸኛ የሚጽፍላቸው? ዛሬስ ሄደው ቢጠይቁ፣ የቀበሌው መዝገብ ተቃጥሏል ነው የሚባሉት። የተቃጠለ መዝገብ ኮፒ አለው? ፊትህ ቆመዋል እኮ። ስማቸውን ይናገራሉ። የሰፈራቸውን ሰው ከወንዙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በየቤቱ ይቆጥሩልሃል። ወረፋው ውስጥ አንድ ሰውዬ «እኔ አውቃቸዋለሁ፣ ያገሬ ሰው ናቸው» ብሎ እጁን አውጥቷል። አይቼዋለሁ። አንተ ግን አላየኸውም፤ እጅ ማህተም የለውም። መታወቂያ ካልያዙ ሲም ካርድ በስማቸው አይወጣም፣ ባንክ ደብተር አይከፍትላቸውም፣ የውጭ አገር ልጅ የላከው ብር አይሰጣቸውም። እኔ የሚቀርብኝ ሽርሽር ነው። እሳቸው አምስተኛ ዓመት ሊጠጋቸው ነው፣ እዚህ ከተማ እየኖሩ እንዳልኖሩ ሲቆጠሩ። ይህን ሁሉ የምታደርገው አንተ ነህ፣ አንዲት ቁራጭ ወረቀት። ያውም የሌለች።

ይቅርታ ክቡር ሆይ፣ አንቱታው አመለጠኝ። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ደብዳቤ ካነሳን አንድ ታሪክ ላጫውትዎት። ዴምፕስተር መንገዱ የተሰየመው በአንድ ፖሊስ ነው። በፈረንጅ 1910 ዲሴምበር ላይ አራት ሰዎች በውሻ በሚጎተት ጋሪ ፖስታ ይዘው ከፎርት ማክፈርሰን ወደ ዳውሰን ተነሱ። ጋሪው ጎማ የለውም፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ነው። ፈጥነን እንድረስ ብለው ስንቃቸውን ቀነሱ። መንገዱን የሚያውቀውን የአገሬውን ሰው ደግሞ በመሃል አሰናበቱት። (ይህን ክፍል በሰማሁ ቁጥር ከንፈሬን እመጥጣለሁ። መሪ ይሰናበታል? ያውም በበረዶ?) መንገዱ ጠፋባቸው። ውሾቻቸውን እያረዱ በሉ። አራቱም አለቁ። በ1911 ማርች ዴምፕስተር ፈልጎ አስከሬናቸውን አገኘ።

እነዚያ ሰዎች ደብዳቤ ለማድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን በረዶ ሊያቋርጡ ወጡ። የእኔ ደብዳቤ መሄድ ያለበት ከመዝገብ ቤት እስከ ኃላፊው ቢሮ ነው። አንድ ፎቅ። ደረጃው ሲሚንቶ ነው። በረዶ የለበትም።

የማክሰኞው ነገር እንዴት እንዳለቀ ሳይነግሩዎት አይቀሩም። ወረቀቶቼን ሰብስቤ ልወጣ ስል አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ክንዴን ነካ አደረጉኝ። የቢሮ ነገር ያረጀባቸው፣ ጡረታ የወጡ ሰው ይመስላሉ።

«የቤት ቁጥር ‹አዲስ› በልበት» አሉኝ።

«እንዴት ጋሼ?»

«በቃ አዲስ። ቁጥር የሌለው ቤት ሁሉ አዲስ ነው።»

ጻፍኩት። ከተማ፦ ዳውሰን። ክፍለ ከተማ፦ ዴምፕስተር። ቀበሌ፦ 71። የቤት ቁጥር፦ አዲስ። ልጅቷ አየችው። አሰበች። «ይሄ ይሆናል» አለችና የ«ገቢ» ማህተም መታችበት። ወረቀት ይጎድላል ያለችውን ደግማ አላነሳችም። የማረፊያ ማረጋገጫ የሚባለው የት እንደገባ ፈጣሪ ይወቅ። አውቃለሁ፣ ይህ ለእርስዎ ሽንፈት ነው። እኔ ግን የሚያሳስበኝ ድቦቹ ናቸው። አሁን የቀበሌ 71 ነዋሪ ሆነዋል፤ መታወቂያ ሲያወጡ መሸኛ ሊጠየቁ ነው።

ለእናታችን ግን «አዲስ» አልሠራም። ሽማግሌው ለእሳቸውም ሞክረውላቸው ነበር። «የእሳቸው ሰው ነው፣ ያኛው ቦታ ነው» ተባሉ።

ፋይሌ አሁን ኃላፊው ዘንድ ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ጉዞው የሚነሳው በነሐሴ፣ ቱንድራው፣ ማለትም ዛፍ የሌለው የሰሜኑ ሜዳ፣ ቀይ ሲለብስ፣ ትንኙም ሲቀንስ ነው። ወዳጄ «ወፍራም የመኝታ ከረጢት ያዝ፣ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል» ብላ ጽፋልኛለች። እኔም «ሐሙስ ይፈረማል ተብያለሁ» ብዬ መለስኩላት።

«የትኛው ሐሙስ?» አለችኝ።

ወሎ የከረመች ሰው ናት።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለፎቶ ኮፒ ቤቱ (መብራት ሲመጣ)