ማስተካከያ፦ የትብሊሲዋን እናት የሰራት ጸረቴሊ አይደለም

ሰላም ጓደኞቼ፣ ባለፈው ስለ ጆርጂያ ቀራፂዎች ስጽፍ ዋና ከተማዋ ትብሊሲ ኮረብታ ላይ የቆመችውን ትልቋን ሐውልት "ካርትሊስ ዴዳ"ን (የጆርጂያ እናት እንደማለት ነው) ዙራብ ጸረቴሊ ነው የሰራት፣ ከነሐስ ነች ብዬ ነበር። ሁለቱም ስህተት ነው፣ በጣም ይቅርታ፣ ሼር ያደረጋችሁም እባካችሁ ይሄንን አያይዙበት።

የሰራት ኤልጉጃ አማሹኬሊ ነው፣ በ1928 እዛው ትብሊሲ ተወልዶ በ2002 ያረፈ ሰው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ1958 ከተማዋ 1500ኛ ዓመቷን ስታከብር መጀመሪያ በእንጨት ነው የቆመችው፣ በኋላ በአሉሚኒየም ተተካች፣ ቁመቷ 20 ሜትር ነው። በግራ እጇ የወይን ጠጅ ጽዋ በቀኝ እጇ ደግሞ ሰይፍ ይዛለች፣ በወዳጅነት ለመጣ ወይን፣ በጠላትነት ለመጣ ሰይፍ፣ እኔ ፎቶዋን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ጽዋው ላይ ነው።

መተኪ ቤተክርስቲያን ጋ ፈረስ ላይ ያለው የንጉሥ ቫክታንግ ጎርጋሳሊ ሐውልትም (1967) የአማሹኬሊ ነው፣ ከተማዋን ቆረቆረ የሚባለው ንጉሥ ማለት ነው። እንዲህ ከተማውን በእጁ ያስዋበን ሰው ስራ ለሌላ መስጠቴ ከልብ ነው የቆጨኝ።

ጸረቴሊም የራሱ ስራ ሞልቶታል፣ "ትብሊሲ ባህር" የሚባለው ሰው ሰራሽ ሐይቅ አጠገብ ያለው "የጆርጂያ ዜና መዋዕል" የሚባለው ሐውልትና ሞስኮ ያለው 98 ሜትር የታላቁ ጴጥሮስ ሐውልት የሱ ናቸው፣ ያረፈውም ሚያዝያ 2025 ላይ ነው። የድሮውን ፖስት አሁን ኤዲት አድርጌዋለሁ።