ሩዋንዳን ያቃጠለው ሬዲዮ ፈቃድ ነበረው

ሰሞኑን በአንድ የምክክር መድረክ ላይ አንድ የሥራ ኃላፊ ስለ ሬዲዮ ሲናገሩ ሰማሁ። ሁለት ነገር አሉ። አንደኛ፣ ያለ ፈቃድ የሚያሠራጭ ጣቢያ ትንሽም ሆነ ትልቅ የሩዋንዳን ዓይነት እልቂት የሚደግስ ነውና ባለቤቱ እንደ ማንኛውም ወንጀለኛ መታየት አለበት። ሁለተኛ፣ ዛሬ ገበሬው ስልክ በእጁ ይዟል፤ የሰፈር ሬዲዮ ጊዜው አልፎበታል። አዳራሹም አጨበጨበ። እኔ ደግሞ በወጣትነቴ ምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ልክ እሳቸው እንዳሉት ባለ ጣቢያ አምስት ሳንቲም ሳይከፈለኝ ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ እኔ አላጨበጭብም።

ሩዋንዳን የጠሩት እሳቸው ናቸውና ከዚያው እንነሳ። እልቂቱን የቀሰቀሰው ያ የጥላቻ ጣቢያ፣ ሬዲዮ ሚል ኮሊን፣ ጫካ ውስጥ ተደብቆ የሚያሠራጭ ፈቃድ የለሽ ሬዲዮ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1993 በዋና ከተማዋ በኪጋሊ ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ከመንግሥት ጋር ስምምነት ተፈራረመ። ፕሬዚዳንት ሃቢያሪማና ራሳቸው ባለአክሲዮን ነበሩ። ከመሥራቾቹ አንዱ ፈርዲናንድ ናሂማና ቀደም ሲል የሩዋንዳ መንግሥት የማስታወቂያ መሥሪያ ቤት ዳይሬክተር የነበረ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ በኋላ አሩሻ በተቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተፈርዶበታል። ደብዳቤው፣ ፊርማው፣ ማኅተሙ፣ ሞገዱ ሁሉ ተሟልቶለት ነበር። ኃላፊው ፈቃድን ለመከላከል የመዘዙት ምሳሌ፣ ፈቃድ ምንም እንደማይከላከል ከሚያሳዩት ምሳሌዎች ሁሉ የከፋው ነው። ከዓለም ታሪክ ሌላ ምሳሌ ጠፍቶ ነው? ወይስ አዳራሹ ውስጥ የሚጠይቅ ሰው እንደሌለ ታውቆ ነው?

የእኛንም ታሪክ ቢሆን አናውቀውም አይበሉን። በ1970ዎቹ የሕወሓት ሬዲዮ ድምፂ ወያነ ከበረሃ ሲያሠራጭ ደርግን ፈቃድ ጠይቆ ነበር? የኤርትራው ሻዕቢያ ድምፂ ሓፋሽስ? የድምፂ ወያነ ታጋዮች አዲስ አበባ ገብተው ነው በ1991 የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178ን ያወጡት፣ በ1999 ደግሞ 533ን። ያለ ፈቃድ አሠራጭቶ ያሸነፈ ወገን ፈቃድ ሰጪ ሆነ ማለት ነው። በዚህ አገር «ሕገ ወጥ ሬዲዮ» የሚለው ስም ዕድሜው ባለቤቱ ቤተ መንግሥት እስኪገባ ድረስ ብቻ ነው።

የእኛ ጣቢያ ቤተ መንግሥት የመግባት ሐሳብ አልነበረውም። ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ጀርባ ባለች ጓዳ ነበረች። ማሠራጫውን ጠጋኙ ራሱ ከወዳደቀ ዕቃ ለቃቅሞ ሠራው፤ አንቴናውን ረጅም የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ አስሮ አቆመው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን፣ ማይክሮፎኑን ካልሲ አለበስነው። መብራት ሲጠፋ በመኪና ባትሪ እንሠራለን። ትልቁ ጠላታችን ግን የጎረቤቱ ወፍጮ ነበር። ወፍጮው ሲነሳ ቮልቱ ይወርድና ካሴቱ ይጎተታል፤ ሴቷ ዘፋኝ በአንድ አፍታ ድምፀ ጎርናና ሽማግሌ ትሆናለች። ያኔ ከመካከላችን አንዱ ሮጦ «አያ፣ ዜናውን እስክንጨርስ ብቻ!» ብሎ ወፍጮ ቤቱን ይለምናል። አንዳንዴ ይሰሙናል፤ የገበያ ቀን ከሆነ ግን የሚሰማ የለም። ያን ቀን የጎጃም ጤፍ ከዜና ይቀድማል።

ምን ነበር የምናሠራጨው? የጠፋ ከብት፣ የሰርግ ጥሪ፣ የክትባት ቀን፣ የፈተና ውጤት መድረሱን፣ ክረምት ላይ የትኛው ወንዝ ሞልቶ መንገድ እንደዘጋ፣ የእህል ዋጋ፣ ማታ ማታ ዘፈን። ከእድር ጥሩምባ ብንለይ ሽቦ ስላለን ብቻ ነው። ጥሩምባ ነፊው ኮረብታው ላይ ቆሞ ሰው ሁሉ ለቀብር እንዲወጣ ሲጠራ ማን ፈቃድ ጠይቆት ያውቃል? ሕዝቡ ያውቀዋል፤ ያለ ነገር ከነፋ ደግሞ እድሩ ይቀጣዋል።

እዚህ ላይ ነው ኃላፊው ያልገባቸው፣ ወይም ሊገባቸው ያልፈለገው። አንድን ጣቢያ የሚገራው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ወረቀት አይደለም። አድማጩ የተናጋሪውን ቤት ማወቁ ነው።

አንድ ቀን አብሮኝ ይሠራ የነበረው ልጅ የማኛ ጤፍን ዋጋ በኩንታል መቶ ብር ያህል ዝቅ አድርጎ አነበበ። በማግሥቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አንድ ገበሬ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ዱላቸውን ይዘው ሱቁ በር ላይ ቆሙ።

«የማኛን ዋጋ የተናገርከው አንተ ነህ?»

«አዎ አባባ፣ እኔ ነኝ።»

«ማን ነገረህ?»

«ከገበያ ነው የሰማነው።»

«ገበያ አፍ የለውም። ከማን አፍ ነው የሰማኸው?»

ልጁ ዝም አለ። ዋጋውን የነገረው አንድ የእህል ነጋዴ ነበር፤ ለምን ዝቅ አድርጎ እንደነገረው ለማወቅ ደግሞ ምርመራ አያሻም። ሽማግሌው ልጃቸውን «በዚህ ዋጋ ሽጥ» ብለው የላኩት እኛን ሰምተው ነው። አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። ሱቁ ደጃፍ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «ማታ ስትናገር እዚሁ ሆኜ እሰማለሁ» አሉ። እውነትም ቁጭ ብለው አመሹ። ልጁም በዚያው በካልሲ ማይክሮፎን የተነገረው ዋጋ የነጋዴው ወሬ እንደነበረ፣ ትክክለኛው ስንት እንደሆነ ተናገረ። ከዚያ ወዲያ ከሦስት ሻጭና ከሁለት ገዢ ሳንጠይቅ፣ ከየት እንደሰማነውም ሳንናገር ዋጋ አንብበን አናውቅም።

እስቲ ማንኛውም ባለ ፈቃድ ጣቢያ በማግሥቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሰው አንደበት እንዲህ ሲያርም የሰማ ይንገረኝ። ከጮቄ ግርጌ ያለ ገበሬ አዲስ አበባ ያለ ጣቢያ ቢዋሽበት የማንን በር ያንኳኳል? ለማን ነው ቅሬታ የሚጽፈው? በየትኛው አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ የስንት ቀን ሥራ ፈትቶ? ቢደርስስ ጥበቃው «ከማን ጋር ቀጠሮ አለዎት?» ብሎ ከበር ይመልሰዋል። ባለ ፈቃዱ ጣቢያ የሚፈራው ፈቃድ ሰጪውን ነው፤ እኛ የምንፈራው በየሰንበቴው፣ በየወፍጮ ቤቱ፣ በየለቅሶው የምናገኘውን ሰው ነው። ፈቃድ ሰጪ ዓመት ጠብቆ ይመጣል። ጎረቤት ግን ማታውኑ ደጅህ ነው።

የጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር የሚባለውንም ከሥልጠና አላገኘነውም። የእድሩ ዳኛ ጠርተውን፣ መርዶ ላልተነገረው ቤተሰብ የሟች ስም ቀድማችሁ ብትጠሩ ከእኛ ጋር አንኖርም አሉ። በቃ። ዛሬ በፎቶ አስደግፈው፣ ልጅ የአባቱን ሞት ከቤተሰቡ ሳይሰማ በፊት የሚለጥፉት ባለ ፈቃዶች ይህን ደንብ ከየትኛው አዋጅ ይማሩት ይሆን?

ወደ ስልኩ ልምጣ። ገበሬው ስልክ አለው፤ እውነት ነው። ነገር ግን አብዛኛው የሚይዘው ባለ ቁልፍ፣ ጫፉ ላይ ባትሪ መብራት ያለው ስልክ ነው። እዚያ ስልክ ውስጥ ምን አለ? ኤፍኤም ሬዲዮ! የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ ሲሰኩት ገመዱ አንቴና ይሆናል። ኃላፊው ሬዲዮን ቀበርኩት ያሉበት ዕቃ ራሱ ሬዲዮ ነው። ስማርት ስልክስ ብንል፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ሕዝቡ ለወራት ምን ይሰማ ነበር? ጎጃም ያለ ሰው «ስልክ አለህ» ሲባል ይስቃል፤ ስልኩን የዘጋው ማን ሆነና! በአንድ እጅ መስመሩን ቆርጦ በሌላው እጅ «መስመር አለህ፣ ሬዲዮ አያስፈልግህም» ማለት ድፍረት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ትልልቆቹ ጣቢያዎች ይበቃሉ የሚልም አለ። የኤፍኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ተራራ ፊቱ ከተገተረ ከኋላው ያለው መንደር ሹሹታ ነው የሚሰማው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከሥሩ ያለውን ሸለቆ ሁሉ ከአንድ ከተማ ማማ ላይ ሆኖ መሸፈን አይቻልም። በቦታው ያለ ትንሽ ማሠራጫ ግን ይሸፍነዋል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ከደጀን ወደ ብቸና ሲጓዙ ሬዲዮ ከፍቶ መሄድ ይበቃል።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። በደንብ ያልተሠራ ማሠራጫ ከሞገዱ ወጥቶ ሌላውን ይረብሻል፤ ኤፍኤም የሚያልቅበት 108 ሜጋኸርትዝ ደግሞ የአውሮፕላን መገናኛ የሚጀምርበት ነው። ይህ ቀልድ አይደለም። መፍትሔው ግን መለኪያ መሣሪያ የያዘ አንድ ባለሙያ ልኮ ማስተካከል ነው። እኛ ዘንድ የመጡት ሰዎች መለኪያ አልያዙም ነበር። ስልችቻ ነበር የያዙት።

ማሠራጫውን፣ ማይክሮፎኑን፣ ካሴቶቹን ሳይቀር ስልችቻው ውስጥ ከትተው ወሰዱ። የሚገርመው መውሰዳቸው አይደለም። ትዕዛዙን የፈረመው መሥሪያ ቤት በየጊዜው «ለሕዝብ እንዲነገርልን» እያለ፣ ማኅተም መትቶ የግብር መክፈያ ጊዜና የስብሰባ ጥሪ ይልክልን ነበር። ደብዳቤዎቹን ጠጋኙ ሚስማር ላይ ሰክቶ ያስቀምጣቸው ነበር፤ ለወረራ የመጡት አንደኛው አያቸው፣ አነበባቸው፣ ከሚስማሩ ነቅሎ እነሱንም ጨመራቸው። ግብር ስናስከፍልላቸው ሬዲዮ ነበርን፤ ገበሬው የነጋዴን ውሸት በእኛ በኩል ሲያስተባብል ግን ወንጀለኛ ሆንን። ነጋዴው ማንን አነጋግሮ እንደነበር አውቃለሁ አልልም፤ እጠረጥራለሁ ግን እላለሁ።

«ታዲያ ለምን ፈቃድ አላወጣችሁም?» ይሉ ይሆናል። አዋጅ 533 የማኅበረሰብ ብሮድካስት የሚል ምድብ ነበረው፤ በ2013 የወጣው 1238ም አለው። በወረቀት ያምራል። የሬዲዮ ጠጋኝ ጓዳ ግን እንደ ከተማ ድርጅት ፕሮጀክት ጽፎ፣ የገንዘብ ምንጩን አሳይቶ፣ አዲስ አበባ ተመላልሶ የሚያመለክተው በየትኛው አቅሙ ነው? ሌላው ዓለም ይህን ችግር አይቶታል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1964 ከመርከብ ላይ ያለ ፈቃድ ማሠራጨት የጀመረውን ሬዲዮ ካሮላይንን በ1967 በሕግ አሳደዱ፤ በዚያው ዓመት ቢቢሲ ሬዲዮ 1ን ሲከፍት ግን ማይክሮፎኑ ላይ መጀመሪያ ያስቀመጠው ከእነዚያው መርከቦች የወረደውን ቶኒ ብላክበርንን ነው። አሜሪካኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 እስከ 100 ዋት ብቻ ለሚያሠራጩ የሰፈር ጣቢያዎች የተለየ ቀላል ፈቃድ አበጁ። አሳደው ሲያቅታቸው ቦታ ሰጡ።

እኛም ቦታ ለመስጠት ሌላ አዋጅ ይውጣልን አንልም። ከተወሰነ ዋት በታች የሚያሠራጭ ማንም ሰው ስሙን፣ ቤቱን፣ የሚይዘውን ሞገድ ወረዳው ላይ ያስመዝግብ። ባለሙያ አንድ ጊዜ መጥቶ ማሠራጫውን ይለካ፤ ከሞገዱ ከወጣ ያስተካክል። ጥላቻ የተናገረ እንደማንኛውም ሰው በስሙ ይከሰስ፣ ሕጉ አለ። ለምዝገባው የሚከፈለው ደግሞ ወፍጮ ቤት ከሚከፍለው የንግድ ፈቃድ እንዳይበልጥ። የወረዳው ጸሐፊ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃዋል።